ስህተት በሁለት ሰከንድ የሚቀጣበት ትምህርት ቤት
አውቶክሮስ፣ ጀማሪ አሽከርካሪዎችና የጎማ ፊዚክስ

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው በ2021 ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት መንስኤም ይኸው አደጋ ነው። አብዛኞቹ የመጽሔታችን አንባቢያን በዚሁ የዕድሜ ክልል ውስጥ የሚገኙ በመሆናቸው ጉዳዩ የሩቅ ወሬ ሊሆንባቸው አይችልም።

የአደጋው መንስኤዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በዚህ ጽሑፍ አንዱን ብቻ ነጥለን እንመለከታለን። አንድ ወጣት መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ሲሰለጥን የሚማረው በአመዛኙ ቀስ ብሎ መነሳትን፣ ማርሽ መቀየርን፣ ወደ ኋላ መንዳትን፣ ማቆምንና የመንገድ ምልክቶችን መለየትን ነው። ጎማ አስፋልቱን መጨበጥ አቅቶት መንሸራተት ሲጀምር መኪናው ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያሳይ ግን የሚያይበት አጋጣሚ የለም። ስለዚህ ከመኪናው የአቅም ወሰን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተዋወቀው ሕፃን በድንገት መንገድ ሲያቋርጥበት ወይም ዝናብ ያራሰው ጥምዝ ላይ ፈጥኖ ሲገባ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በዚያች ቅጽበት የሚፈጠር ዘዴ እምብዛም አያድንም።

ታዲያ ይህን ወሰን ማንም በማይጎዳበት ቦታ አስቀድሞ ማየት ይቻላል ወይ? በአሜሪካ ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የአውቶክሮስ ጀማሪዎች ትምህርት ቤት ነው። በሚከተሉት ገጾች የዚህን ትምህርት ቤት አሠራር፣ የቆመበትን ፊዚክስና ሊነሣበት የሚገባውን ከባድ ጥያቄ በየተራ እናያለን።

አውቶክሮስ ምንድን ነው?

አውቶክሮስ በአሜሪካ አጠራር በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ወይም አገልግሎት በማይሰጥ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ የላስቲክ ኮኖች ተደርድረው በሚሠራ ጊዜያዊ መንገድ ላይ የሚካሄድ የመንዳት ውድድር ነው። በብሪታንያ ይኸው ስም በሣርና በአፈር ሜዳ ላይ ለሚደረግ ውድድር ስለሚያገለግል ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። በአሜሪካው አውቶክሮስ መኪኖች ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። እያንዳንዱ አሽከርካሪ ለብቻው እየተለቀቀ ከሰዓት ጋር ይወዳደራል። ሰዓቱ እስከ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ድረስ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይለካል።

በአገሪቱ የዚህ ስፖርት ዋነኛ አደራጅ እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ ሲሆን፣ ውድድሩን «ሶሎ» በሚል ስም ይመራዋል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሶሎ ሻምፒዮና የተካሄደው በ1973 ነው። ከ2009 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሻምፒዮናው በኔብራስካ ግዛት በሊንከን ከተማ የተካሄደ ሲሆን፣ ከአንድ ሺህ በላይ ተወዳዳሪዎች የቀረቡባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም።  ለውድድሩ ልዩ መኪና አያስፈልግም።

የአውቶክሮስ ቅጣት ከሌሎች የመኪና ውድድሮች ይለያል። በእያንዳንዱ ኮን ዙሪያ ቦታው በመሬት ላይ ምልክት ይደረግበታል። አሽከርካሪው ኮኑን ከጣለው ወይም ከምልክቱ ፈጽሞ ካስወጣው በሰዓቱ ላይ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። በኮኖች የተሠራን በር ስቶ ካለፈ ደግሞ የዚያ ዙር ሰዓት አይያዝለትም። መንገዱ ጠመዝማዛ ሆኖ የሚዘረጋውም ሆነ ተብሎ ነው፤ አብዛኞቹ መኪኖች ከሁለተኛ ማርሽ በላይ የማይፈልጉበት፣ ፍጥነታቸውም በአውራ ጎዳና ላይ ከተለመደው የማያልፍበት እንዲሆን ይቀየሳል። ግድግዳ፣ ዛፍና የመብራት ምሰሶ ከመንገዱ ራቅ ብለው እንዲቀሩ ይደረጋል። በአጭሩ ጎማው እስከ መጨረሻው አቅሙ ይሠራል፤ ያጠፋ ሰው ግን የሚከፍለው በላስቲክ ኮን ነው። ለትምህርት ያመቸውም ይህ ባሕርዩ ነው።

የትምህርቱ ውሎ

የጀማሪዎች ትምህርት ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠናቀቃል። ተማሪው የራሱን መኪና ይዞ በጠዋት ይመጣል። በመጀመሪያ መኪናው ይፈተሻል። የጎማ ብሎኖች መጥበቃቸው፣ ባትሪው በቦታው መታሰሩ፣ የፍሬን መርገጫው ጠንካራ መሆኑ፣ ነዳጅ መስጫው እግር ሲነሣለት ሳይያዝ መመለሱና ጎማው ሲነቀነቅ የማይላወስ መሆኑ ይታያል። መለዋወጫ ጎማ፣ ክሪክ፣ ጠርሙስና ምንጣፍን የመሰለ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ከመኪናው ይወጣል። መኪናው በድንገት ሲታጠፍ ዕቃው ቀጥ ብሎ መሄዱን ስለማይተው ነው፤ ይህ የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ነው። በመጨረሻም ሄልሜት ይደረጋል፤ የደህንነት ቀበቶ ይታሰራል።

ቀጥሎ መንገዱ በእግር ይዞራል። ለአዲስ ሰው ከሩቅ የሚታየው ትርጉም የለሽ የኮን ክምር ነው። በእግሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዞረው ግን የት ፍሬን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ የትኛው ጥምዝ ወደ ረጅም ቀጥታ መንገድ እንደሚያወጣ ይገባዋል። ከዚያም ልምምዱ ይጀመራል። በውኃ በረጠበ ክብ ላይ መዞር፣ በአንድ መስመር በተተከሉ ኮኖች መካከል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዙ ማለፍ፣ በሙሉ ኃይል ፍሬን መያዝ፣ በድንገት መስመር መቀየር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። አሰልጣኙ ከአሽከርካሪው ጎን ይቀመጣል። ተራው ያልደረሰ ተማሪ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይመለከትም፤ በሜዳው ዳር ቆሞ የወደቁ ኮኖችን ያነሣል፣ አደጋ ካየ መኪና ለማስቆም ቀይ ባንዲራ ያውለበልባል። የሌላውን ስህተት ከውጭ ሆኖ ማየት ራሱ የትምህርቱ አካል ነው።

በአንዳንድ ሜዳዎች የምትታይ አንዲት ቀላል ዘዴ የሳይንስ ተማሪን ሳታስደስት አትቀርም። ከመነሣት በፊት የጎማው የጎን ጠርዝ በጠመኔ ይቀባል። መኪናው ዞሮ ሲመለስ ጠመኔው እስከየት ድረስ እንደተፋቀ ይታያል። ጎማው በጥምዝ ላይ ምን ያህል ወደ ጎኑ እንደተጣመመና የነፋሱ ግፊት ማነሱንና አለማነሱን ከዚህ መገመት ይቻላል።

መዳፍ የምታህል መሬት

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። 1200 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በአራት ጎማ ብትቆምና ክብደቱ እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ ጎማ 300 ኪሎ ግራም ይሸከማል፤ ይህም ወደ 2940 ኒውተን ገደማ ነው። በጎማው ውስጥ ያለው የነፋስ ግፊት በያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 21 ኒውተን ቢሆን፣ ክብደቱን ለመሸከም በግምት 140 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል ማለት ነው። ይህ የአንድ ሰው መዳፍ የሚያህል ነው። መኪናው ቢነሣ፣ ቢቆም ወይም ቢታጠፍ፣ መሬት የሚሰጠው ኃይል ሁሉ የሚያልፈው በእነዚህ አራት መዳፎች በኩል ነው።

ኃይሉን የሚፈጥረው በላስቲኩና በአስፋልቱ መካከል ያለው ፍትጊያ ወይም ሰበቃ ነው። ትልቁ የሰበቃ ኃይል ጎማው ከተሸከመው ክብደት ጋር ያለው ንጽጽር የሰበቃ ኮፊሸንት ይባላል። ለተራ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ 0.9 ያህል፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ 0.5 ያህል ብለን ብንወስድ ለሒሳባችን ይበቃናል።

መኪና በክብ መንገድ ሲዞር ወደ ክቡ መሐል የሚጎትተው ኃይል ያስፈልገዋል። ይህን ኃይል የሚሰጠው ሰበቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳይንሸራተቱ ለመዞር የሚቻልበት ከፍተኛ ፍጥነት የሰበቃ ኮፊሸንቱ፣ የስበት ሽምጠጣና የክቡ ሬዲየስ ተባዝተው የሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። ሬዲየሱ 15 ሜትር ለሆነ ጥምዝ በደረቅ አስፋልት 0.9 × 9.8 × 15 የሚሰጠን 132 ያህል ነው። ስኩዌር ሩቱ 11.5 ሜትር በሰከንድ ወይም 41 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። መንገዱ ሲረጥብ ያው ጥምዝ የሚፈቅደው 31 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ብቻ ነው። የመኪናው ክብደት በሒሳቡ ውስጥ አለመኖሩን አንባቢ ልብ ይበል፤ ከባድ መኪና የበለጠ ሰበቃ ቢያገኝም የሚያስፈልገው ኃይልም በዚያው ልክ ስለሚጨምር ሁለቱ ይጣፋሉ።

በረጠበው ክብ ላይ የሚደረገው ልምምድ ይህን ሒሳብ በሰውነት ያስተምራል። ተማሪው ቀስ በቀስ ፍጥነት ሲጨምር ከአንዲት ነጥብ በኋላ መኪናው የመሪውን ትእዛዝ እያቃለለ ከክቡ ወደ ውጭ ይወጣል። ጀማሪ ሁሉ በዚህ ጊዜ የሚያደርገው መሪውን አብዝቶ መጠምዘዝ ነው። ይሁን እንጂ የፊት ጎማዎች አቅማቸውን ጨርሰዋልና ተጨማሪ መጠምዘዝ አይረዳም። መፍትሔው እግርን ከነዳጅ ላይ በዝግታ ማላላት፣ መሪውንም በጥቂቱ መመለስ ነው። ፍጥነቱ ትንሽ ሲቀንስ ጎማው እንደገና ይጨብጣል።

አሥር ብር እንዴት ይወጣል?

በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ጎልቶ የሚሰጠው ትምህርት የሰበቃ አጠቃቀም ነው። የጎማን አቅም በኪስ እንዳለ 10 ብር እንቁጠረው። ፍሬን ስንይዝ ከዚህ ብር እናወጣለን፤ ስንታጠፍም እናወጣለን፤ ነዳጅ ስንሰጥም እናወጣለን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካደረግን የምንከፍለው ከዚያው ኪስ ነው። አከፋፈሉ ግን እንደ ገበያ ሒሳብ አይደለም። ፍሬን ወደ ኋላ፣ መታጠፍ ደግሞ ወደ ጎን የሚሠሩ በ90 ዲግሪ የተገናኙ ቬክተሮች በመሆናቸው የሚደመሩት በፓይታጎረስ ሕግ ነው። ከ10 ብር 8ቱን ለፍሬን ያወጣ ሰው ለመታጠፍ 6 ይቀረዋል፤ 6 በ6 ሲባዛና 8 በ8 ሲባዛ ተደምረው መቶ ይሞላሉና። አሥሩንም ለፍሬን ያወጣ ሰው ግን ለመታጠፍ ምንም አይተርፈውም። ጎማቸው በፍሬን የተቆለፈ መኪኖች መሪያቸው የቱንም ያህል ቢጠመዘዝ ቀጥ ብለው የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ለሁሉም ጥምዝ ያገለግላል። ፍሬን የሚያዘው በአብዛኛው ከጥምዙ በፊት፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ቦታ ነው። ጥምዙ ውስጥ ሲገባ ኪስ ያለው ብር ለመታጠፍ ይውላል። መሪው እየተቃና ሲሄድ ደግሞ ነዳጅ ይሰጣል። ጀማሪው የሚቸኩለው መግቢያው ላይ ነው፤ ከገባ በኋላ ግን መሐሉ ላይ ፍሬን እየፈለገ፣ ከመስመሩ እየወጣ፣ መውጫው ላይ ይዘገያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ሰዓት መለኪያው ለተማሪው ወዲያውኑ ማስረጃውን ያቀርብለታል፤ ሲገባ ቀስ ያለው ሲወጣ ፈጥኖ ይገኛልና።

ክብደት ሲሰደድ

መኪና ፍሬን ሲይዝ አፍንጫው ወደ ታች ዝቅ ማለቱን ያላየ የለም። የስበት ማዕከሉ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ሰበቃ ከታች ሲይዘው ከላይ ያለው አካል ወደ ፊት ይደፋል። ወደ ፊት የሚሻገረው ጭነት የመኪናው መጠነ ቁስ፣ የመቀነሻ ሽምጠጣውና የስበት ማዕከሉ ከፍታ ተባዝተው በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ላለው ርቀት ሲካፈሉ የሚገኝ ነው። የ1200 ኪሎ ግራም መኪናችን የስበት ማዕከል ከፍታ 0.5 ሜትር፣ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሜትር ቢሆንና ከስበት ሽምጠጣ 0.8 እጅ በሚሆን ጥንካሬ ፍሬን ቢይዝ፣ 192 ኪሎ ግራም የሚያህል ጭነት ከኋላ ወደ ፊት ይሻገራል። ስድስት መቶ፣ ስድስት መቶ የነበረው ሚዛን 792 እና 408 ይሆናል።

እነሆ፣ የኋላ ጎማዎች የሚጨብጡበት ክብደት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀለለ። ይህ በቀጥታ መንገድ ላይ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በጥምዝ መሐል ፈርቶ እግሩን በድንገት ከነዳጅ ያነሣ ወይም ፍሬን የረገጠ ሰው ግን የመኪናውን ጭራ ያቀለዋል፤ ጭራውም ወደ ውጭ ሊወረወርና መኪናው በራሱ ዙሪያ ሊሾር ይችላል። በዚህ ላይ ላስቲክ ጭነቱ እጥፍ ሲሆንበት የሚሰጠው ሰበቃ ሙሉ በሙሉ እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ክብደት ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው በተሰደደ ቁጥር የአራቱ ጎማዎች ጠቅላላ አቅም በጥቂቱ ይቀንሳል። አሰልጣኞች መሪና ፍሬን በለሰለሰ እጅና እግር እንዲያዙ ደጋግመው የሚመክሩት ለምቾት ሲሉ አይደለም፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

ዓይን ወዴት ይመልከት?

በአንድ መስመር የተተከሉ ኮኖች በ18 ሜትር ቢራራቁና መኪናው በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ አንዱ ኮን ከሌላው በ1.2 ሰከንድ ልዩነት ይደርሳል። ሰው አይቶ፣ ወስኖ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ሊፈጅበት ይችላል። እንግዲህ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ኮን የሚመለከት አሽከርካሪ ምንጊዜም ዘግይቷል። አሰልጣኙ «ወደ ፊት ተመልከት!» እያለ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ምክሩ ሳይንሳዊ ድጋፍ አለው። ማይክል ላንድና ዴቪድ ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 በኔቸር መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በኤድንበርግ ከተማ በሚገኝ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚነዱ ሰዎች ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ ለክተዋል። አሽከርካሪዎቹ ጥምዙ ከመድረሱ ከ1 እስከ 2 ሰከንድ አስቀድመው የሚመለከቱት የጥምዙ የውስጥ ጠርዝ አቅጣጫውን የሚለውጥበትን ነጥብ ሆኖ ተገኝቷል። እጅ የሚከተለው ዓይንን ነው። በመንሸራተት ላይ ያለ ሰው የሚፈራውን ምሰሶ ትኩር ብሎ ከማየት ይልቅ ሊሄድበት የሚፈልገውን ባዶ ቦታ እንዲመለከት የሚለማመደውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የፍሬን ሒሳብ

በሙሉ ኃይል ፍሬን መያዝ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪዎች ግን አድርገውት አያውቁም። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የተባለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከቦሽ ኩባንያ ወጥቶ በመርሴዲስ መኪና ላይ ለገበያ የቀረበው በ1978 ነው። መሣሪያው ሲሠራ የፍሬን መርገጫው ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅም ያሰማል። ይህን አይቶ የማያውቅ ሰው መኪናው የተሰበረ መስሎት እግሩን ያነሣል፤ እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ፍሬኑን ይለቃል ማለት ነው። በሜዳው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ የተንቀጠቀጠበት ተማሪ ግን እግሩን ሳያነሣ መሪውን ወደ ባዶው ቦታ ማዞር ይማራል።

ከዚህ የሚልቀው ትምህርት የርቀቱ ነው። ሁለት መኪኖች በደረቅ አስፋልት ላይ ጎን ለጎን ይጓዛሉ እንበል፤ አንዱ በሰዓት 50፣ ሌላው በ60 ኪሎ ሜትር። ሁለቱም አንድን ሕፃን በአንድ ቅጽበት ያዩታል፤ ሁለቱም ፍሬን ለመርገጥ 1 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በ50 የሚጓዘው በዚያች ሰከንድ 13.9 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያም በ10.9 ሜትር ውስጥ ይቆማል። በድምሩ ወደ 25 ሜትር ገደማ ነው። በ60 የሚጓዘው እዚያው ነጥብ ላይ ሲደርስ አልቆመም፤ ፍጥነቱ ገና 42 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ነው። የፍጥነት መለኪያው ላይ የ10 ቁጥር ልዩነት ብቻ ነበር፤ አንዱ ሕፃኑ አጠገብ ሲቆም ሌላው ይገጨዋል። ፍጥነት በስኩዌር የሚባዛ መሆኑ በመጽሐፍ ሲነበብ ቁጥር ነው። በሜዳ ላይ ግን የፍሬን ማቆሚያውን ኮን አልፎ የሄደ ተማሪ ወርዶ በእርምጃው ይለካዋል።

ክህሎት ወይስ ትዕቢት?

እስከዚህ ድረስ ያየነው ትምህርቱን የሚያስመሰግን ነው። ሳይንስ ግን የሚያምር ሐሳብን ሳይፈትን አይቀበልም። ጥያቄው፣ መንሸራተትን መቆጣጠር የተማረ ወጣት በመንገድ ላይ የሚደርስበት አደጋ በእርግጥ ያንሳል ወይ የሚል ነው።

የኖርዌይ ልምድ አስደንጋጭ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1979 አዲስ አሽከርካሪዎች በተንሸራታች ሜዳ ላይ እንዲሰለጥኑ ግዴታ አደረገች። በ1988 የታተመው ግምገማ እንዳመለከተው ግን ከሥልጠናው በኋላ በተንሸራታች መንገድ ላይ ወጣት ወንዶች የሚያደርሱት አደጋ ከፍ ብሎ ተገኘ። በስዊድን ግሬገርሰን የተባሉ ተመራማሪ በ1996 ባሳተሙት ሙከራ ወጣት አሽከርካሪዎችን በሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ፍሬን በመያዝና እንቅፋት በመሸሽ የተቻለውን ያህል እንዲካን ሰለጠነ። ሁለተኛው ደግሞ በአስቸጋሪ ሁኔታ ውስጥ ችሎታው ውሱንና የማያስተማምን መሆኑን እንዲያይ ተደረገ። በኋላ ሲፈተኑ የሁለቱ እውነተኛ ችሎታ ልዩነት አልነበረውም። የመጀመሪያው ቡድን ግን ችሎታውን አብልጦ ገመተ። መንጃ ፈቃድ ካገኙ በኋላ የሚሰጡ ትምህርቶችን በሚመለከት በ2003 የወጣው የኮክሬን ጥናታዊ ግምገማም እነዚህ ትምህርቶች አደጋን እንደሚቀንሱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ምክንያቱን መረዳት አያዳግትም። አንድ ቀን የተማረ እጅ ከወር በኋላ ይረሳል፤ «እኔ እችላለሁ» የሚለው ስሜት ግን አይረሳም። መኪናውን ማዳን እችላለሁ ብሎ የሚያምን ሰው ቀድሞ ቀስ ይልበት በነበረው ጥምዝ ላይ አሁን ይፈጥናል። ያተረፈውን ክህሎት በጨመረው ፍጥነት መልሶ ይከስረዋል።

በእኛ አስተያየት ከዚህ የሚገኘው መደምደሚያ ትምህርት ቤቶቹ ይዘጉ የሚል አይደለም። መደምደሚያው የሚያስተምሩት ነገር ግልጽ ይሁን የሚል ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ልምምዱን የሚጨርሰው ተማሪው በተሳካለት ዙር አይደለም፤ ፍጥነቱን በትንሽ ከፍ አድርጎ የማይሳካበትን ዙር ያሳየዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የተሳካው የመስመር ለውጥ በ60 ኮኖቹን ሲያጭድ ተማሪው የሚማረው ብልኃትን ብቻ አይደለም፤ ብልኃት የሚያበቃበትንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የቢኤምደብልዩ መኪና ክለብ ፋውንዴሽን ለታዳጊ አሽከርካሪዎች የጀመረው «ስትሪት ሰርቫይቫል» የተባለ ፕሮግራም በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። በተመሳሳይ ሜዳና ኮኖች ቢጠቀምም ሰዓት አይለካም፤ አሸናፊም የለውም። ወጣቶቹ በዘወትር መኪናቸው ይሰለጥናሉ፤ በክፍል ውስጥም ስለ ጎማና ክብደት ይማራሉ። ከከባድ መኪና ወንበር ላይ ተቀምጠው የከባድ መኪና ሾፌር በዙሪያው ምን ያህሉን እንደማያይ ይመለከታሉ።

ለአንባቢያችን

ይህን ያነበበ ሁሉ ባዶ ሜዳ ፈልጎ መኪና እንዲያሾር እንዳያስብ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። መኪና ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ይችላል። የሚገለበጠው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ግማሽ ለስበት ማዕከሉ ከፍታ ተካፍሎ የሚሰጠው ቁጥር ከሰበቃ ኮፊሸንቱ ሲያንስ ነው። ስፋቷ 1.5 ሜትር፣ የስበት ማዕከሏ 0.55 ሜትር የሆነች ዝቅተኛ መኪና 1.36 ስለሚደርሳት ትንሸራተታለች እንጂ በደረቅ አስፋልት ላይ በቀላሉ አትገለበጥም። ስፋቱ 1.45፣ የስበት ማዕከሉ ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ 0.85 ሜትር የሆነ ረጅም ተሽከርካሪ ግን 0.85 ብቻ ይደርሰዋል፤ ይህም ከ0.9 ያንሳል። ስለዚህ ጎማው ሳይለቅ ይገለበጣል። የአሜሪካው ክለብ ቁመታቸው ረጅም፣ ስፋታቸው ጠባብ የሆኑ መኪኖች በአውቶክሮስ እንዳይሳተፉ የሚከለክለው ለዚህ ነው። በአገራችን በጣሪያው ላይ ዕቃ የጫነ ሚኒባስ በጥምዝ ላይ ሲፈጥን ተሳፋሪው «ቀስ በል» የማለት ሙሉ ሳይንሳዊ መብት አለው።

መኪና ሳይነዱ ሒሳቡን በእጅ መፈተን ይቻላል። ከአሮጌ ጎማ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ላስቲክ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አስቀምጡ። የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሡት። ላስቲኩ መንሸራተት በጀመረበት ቅጽበት የጫፉን ከፍታ ለጣውላው አግድም ርቀት አካፍሉ፤ የምታገኙት የሰበቃ ኮፊሸንቱን ነው። ጣውላውን በውኃ አርሳችሁ፣ ከዚያም አቧራ ነስንሳችሁ ድገሙት። ቀጥሎ ረዘም ያለ የእንጨት ቁራጭ ከሥሩ ላስቲክ ለጥፋችሁ አንድ ጊዜ አስተኝታችሁ፣ አንድ ጊዜ አቁማችሁ ሞክሩት። የተኛው ሲንሸራተት የቆመው ይወድቃል። ያገኛችሁትን ቁጥር ይዛችሁ በየቀኑ የምታልፉበትን አንድ ጥምዝ ሬዲየስ ለኩና በደረቅና በዝናብ ጊዜ የሚፈቅደውን ፍጥነት አስሉ። ከዚያም በዳሩ ቆማችሁ የሚያልፉትን መኪኖች ከሩቅ ተመልከቱ፤ የትኞቹ ወደ ወሰናቸው እንደተጠጉ ሾፌሮቹ ባያውቁትም እናንተ ታውቁታላችሁ።